ልጣጩ የማይከፍለው ዕዳ

ከማእድ ቤት ጥራጊ ሁሉ እንደ ልጣጭ የተናቀ ነገር የለም። የድንቹ ሥጋ ወደ ወጥ፣ የሙዙ ሥጋ ወደ አፍ ይሄዳል፤ ልጣጩ ግን ዕድል ከቀናው ለከብት ይጣላል፣ ካልቀናው ከጉድፍ ጋር ይደፋል። እንግዲህ ይህ የተናቀ ነገር የተመረዘ ውሃን ያጠራል የሚል ዜና የሰማ ሰው ልቡ ቢሞቅ አያስደንቅም። ይሁንና ዜናው አንድ ከባድ ጥያቄ ያስከትላል፦ ውሃን የማጥራት ዕዳ የማን ነው?

ስለ ልጣጩ ችሎታ ሳይንስ የሚለው ግልጽ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የብራዚል ተመራማሪዎች፣ የደረቀና የተፈጨ የሙዝ ልጣጭ በውሃ ውስጥ የሟሙ እርሳስንና መዳብን እንደሚይዝ በሙከራ አሳይተዋል። የብርቱካንና የድንች ልጣጭም በልዩ ልዩ አገር ተፈትኗል። በልጣጩ ውስጥ ያሉት ሴሉሎስና ፔክቲን አሉታዊ ሙል ያለባቸው ጫፎች አሏቸው፤ የብረቶቹ ቅንጣቶች ደግሞ አዎንታዊ ሙል አላቸው፤ ስለዚህ ይሳሳባሉ፣ ይጣበቃሉ። በኮንሶ ምድር የሚበቅለው የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ድፍርስ ውሃን የሚያጠልለውም በተቀራራቢ ሕግ ነው፤ አዎንታዊ ሙል ያለው ፕሮቲኑ ደቃቁን ጭቃ ሰብስቦ ወደ ታች ያሰፍረዋል።

ነገር ግን ልጣጩ መርዙን አያጠፋም፤ ከውሃው ወደ ራሱ ያዛውረዋል እንጂ። መርዝ የጠጣ ልጣጭ ለከብት ቢሰጥ ከብቱን ይጎዳል፤ በማሳ ቢደፋ መርዙ ወደ አፈር ይመለሳል፤ በአሲድ ቢታጠብ መርዙ በአሲዱ ውስጥ ይቀራል። በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንም ገድሎ አይጨርስም።

ይህን በወሎ ምድር እንመልከተው። የደቡብ ወሎ ደጋ ውሃውን ለሁለት ያካፍላል፤ የመካነ ሰላምና የሳይንት ጅረቶች ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፣ የኮምቦልቻዎቹ በቦርከና አድርገው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያቀናሉ። በመካነ ሰላም ገጠር የክረምቱን ጅረት የሚያደፈርሰው ከታረሰ ተዳፋት የሚታጠብ አፈርና የከብት እበት ነው። የዚህ መድኃኒቱ ምንጭን ማጎልበት፣ የሚጠጣውን ማፍላትና እንደ ደንቆሮ ጫካ ያለውን ጥንታዊ ደን መጠበቅ ነው። በኮምቦልቻ በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ጥናት፣ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው ወንዞች ክሮሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶችን እንደሚሸከሙ ተመዝግቧል። ክሮሚየም ቆዳ የሚለፋበት ንጥረ ነገር ነው፤ ከገበሬው ማሳም ሆነ ከባልቴቲቱ ጓዳ የሚመነጭ አይደለም።

ተረታችን ይህን ዓይነቱን ነገር ከጥንት ያውቀዋል። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ከአንድ ወንዝ ሲጠጡ፣ ጅቡ «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» ብሎ ቢቆጣ፣ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። በወንዙ ግርጌ የምትኖረውን እናት «ልጣጭ አድርቀሽ፣ ፈጭተሽ፣ አጥልለሽ ልጆችሽን አድኚ» ብሎ መምከር፣ በበጎ ፈቃድም ቢሆን፣ የጅቡን ነገር በሌላ ቃል መድገም ነው። ከላይ ያለው ያቆሸሸውን ከታች ያለችው ታጥራው እንደ ማለት ነው።

«ታዲያ የተጠማ ሰው ፍትሕ እስኪወርድ ድረስ አፉን ከፍቶ ይቆይን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ጥም ቀጠሮ አይሰጥም፤ ዛሬ የሚያድን ነገር ካለ ዛሬውኑ ሊሠራበት ይገባል። ነገር ግን የልጣጩ ተገቢ ቦታ ከእንስራው አፍ ይልቅ የፋብሪካው ቱቦ አፍ ነው። እዚያ መርዝ የጠጣው ልጣጭ ይመዘናል፣ ባለቤቱ ይታወቃል፣ መጣያው ይጠየቃል። በጓዳ ሲሆን ግን መርዙም ወጪውም በድሀ ቤት ተደብቆ ይቀራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ደንግጓል። ሕግ አውጪው የተናገረው ተረቱ ከተናገረው የራቀ አይደለም።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ሁለቱን አጣምረው ነው። ልጣጩ በሁለተኛው ሊረዳን ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን የእኛ ሥራ ነው። በቦርከና ዳር ውሃ የሚቀዳው ሰው ማጥሪያ ሲሰጠው፣ ያደፈረሰውም ማን እንደ ሆነ አብሮ ሊነገረው ይገባል።