ሕግ አስከባሪው በሕግ ፊት

ምእመናን ሆይ፤ በፉሪ ተራራ ግርጌ በሚያልፈው መንገድ፥ በሌሊት ተረኛ የሆነ ፖሊስ ሰክሮ የሚነዳን ሰው አቆመ እንበል። ሰካራሙ የገዛ ባልደረባው ሆኖ ቢገኝ፥ ሊያሳልፈው ይገባልን?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፥ ራሱን በመጠጥ ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አግብቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ፥ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል። የደንብ ልብስ የለበሰውን ለይቶ አያወጣም።

ባልደረባን መሸፈን ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን እርሱን ወደ ባሰ ኃጢአት፥ መንገደኛውንም ወደ መቃብር ይመራል። ነቢዩ ናታን የዳዊትን በደል በንግሥናው ምክንያት አልሸፈነም፤ ንጉሡም ተገሥጾ ንስሐ ገባ። እንግዲህ ወዳጅ ማለት መክሮ ወደ ዳኛ የሚያቀርብ ነው።

እኛም የወገናችንን ነውር እየሸፈንን ፖሊሱን ብንገሥጽ ማን ይሰማናል? አደራ የበዛለት ሰው ጥያቄውም ይበዛበታልና፥ ምርመራውን ከራሳችን እንጀምር።