ደረጃ ስትወርዱ አስታውሱኝ

ልጆቼ፣ የምኖረው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። የጉልበት ነገር የሚታወቀው ስትወጡ ሳይሆን ስትወርዱ ነው። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ መደገፊያውን ይዤ የታመመውን እግር አስቀድማለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ጤነኛው ይቀድማል። ይህን ያሳየችኝ በዕድሜ ልጄ የምትሆን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ከዚያ በፊት ለዓመታት በተቃራኒው ስወጣ ስወርድ ኖሬአለሁ፤ ያውም የስፖርት አስተማሪ ሆኜ!

ነገሩ የጀመረው በ26 ዓመቴ ጠጠር ሜዳ ላይ ነው። ኳስ ይዤ ልዞር ስል እግሬ መሬት ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ጉልበቴ ቋ አለ። ማታውኑ አበጠ። በማግስቱ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ በቅቤ ታሸሁ። ወጌሻ ለመንቀፍ አይደለም፤ ግን ውሃ የቋጠረ ጉልበት መታሸት የለበትም፣ መታየት ነው ያለበት። በሦስተኛው ሳምንት ሜዳ ተመለስኩ። ይሄኛው ጥፋት የማንም አይደለም፣ የራሴ ነው።

ለበዓል ዶሮ ስትገነጥሉ የታፋው አጥንት ጫፍ ላይ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጣት የሚያንሸራትት ነገር አይታችኋል? ልም አጥንት የሚባለው እሱ ነው፤ ሐኪሞቹ ካርትሌጅ ይሉታል። በእኛ ጉልበት ላይ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የደም ሥር የለውም፣ ነርቭም የለውም። ነርቭ ስለሌለው ሲላጥ ዝም ይላል፤ ሕመሙ የሚመጣው ጉዳቱ ወደ አጥንቱና በዙሪያው ወዳለው ሥጋ ሲደርስ ነው። ደም ስለማያገኝ ደግሞ እንደ ቆዳ ቁስል አይሽርም። ዊልያም ሀንተር የሚባል የለንደን ሐኪም ይህን በ1743 ጽፎታል (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ስትራመዱ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፣ ይጠጣል። አመመኝ ብሎ ዓመት ሙሉ የሚተኛ ሰው ጉልበቱን እያስራበ ነው።

በ52 ዓመቴ አንድ ሐኪም የጉልበቴን የራጅ ፎቶ ተመለከቱና «ገብተን እናጥበዋለን» አሉኝ። የት እንደነበር አልናገርም። በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው፣ የተላጠውን አለስልሰው፣ አጥበው ወጡ። ብዙ ገንዘብ ከፈልኩ። ለሦስት ወር «ዳንኩ» እያልኩ ጎረቤት ሳስቸግር ከርሜ በአራተኛው ወር ወደ ነበርኩበት ተመለስኩ። ኋላ ነው የገባኝ። በ2002 በአሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ አርጅቶ የተላጠ ጉልበት ካላቸው 180 ሰዎች መካከል ለአንዳንዶቹ ቆዳቸውን ብቻ በስተው መልሰው ሰፏቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከታጠቡት ጋር ልዩነት አልነበራቸውም። በ2013 ፊንላንዶችም በዕድሜ የተተለተለ ሜኒስከስ (በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለችውን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ትራስ) ቆርጦ ማውጣትን እንዲሁ ፈትነው ያው ውጤት አገኙ። እኔን ሦስት ወር ያስዘፈነኝ ምን እንደነበር እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

ይህን ስላችሁ ቢላዋ ሁሉ ከንቱ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ። ጉልበታችሁ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። ወጣት ሆናችሁ በኳስ ወይም በመውደቅ ሜኒስከሳችሁ ከተቀደደ፣ በተለይ ደም በሚደርሰው በውጭኛው ጠርዝ ከሆነ፣ ሊሰፋ ይችላል፤ ሳይዘገይ መጠየቅ ነው። ልም አጥንታችሁ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ጉድጓድ ካለ ደግሞ ሥሩ ያለውን አጥንት በጥቃቅኑ በስተው ጠባሳ መሰል ሽፋን እንዲያበቅል የሚያደርጉበት መንገድ አለ። የራሳችሁን ሕዋስ ወስደው በላቦራቶሪ አራብተው የሚመልሱበትም አለ፤ የስዊድን ሐኪሞች በ1994 ለዓለም ያሳወቁት ነው፣ ሁለት ጊዜ መከፈትን ይጠይቃል። እግሩ ወደ አንድ ጎን የጎበጠበት ሰው አጥንቱ ተቆርጦ ሊቃና ይችላል። ጨርሶ ላለቀው የጉልበት ቅያሪ አለ፤ በጥናት እንደታየው ከ100 ሙሉ ቅያሪ 82 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ። ለእኔ ዕድሜ ይበቃል። የ35 ዓመቱ ልጅ ግን ስሌቱን ራሱ ይሥራ።

ስለዚህ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ «ይሻለኛል ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትውጡ። «የእኔ የትኛው ነው? የተቀደደ ነው፣ የተበሳ ነው፣ ወይስ ያለቀ?» በሉ። ስንት ሳምንት በክራንች? አጥንቱን በስተው ከሆነ ስድስት ሳምንት ያህል ክብደት አትጥሉበትም፣ ሩጫ ደግሞ ወራት ይቆያል። 4ኛ ፎቅ ማን ያወጣችኋል? ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚያስብል ነው ወይስ መቀመጫ አለው? የፊዚዮቴራፒውን ገንዘብስ ለይታችኋል? ለቀዶ ሕክምናው ብድር ገብቶ ለፊዚዮቴራፒው ሳንቲም ያላስቀረ ሰው አውቃለሁ፤ ጉልበቱ እስከ ዛሬ በደንብ አይታጠፍም።

ከቢላዋው በፊት ግን፣ የተቆለፈ ወይም አዲስ የተቀደደ ካልሆነ፣ ሦስት ወር ለጭናችሁ ስጡ። ፎጣ ጠቅልላችሁ ከጉልበታችሁ ሥር አድርጉና እግራችሁን ዘርግታችሁ ወደ ታች ተጫኑት፣ አምስት ቁጠሩ፣ ልቀቁ፤ አሥር ጊዜ። ቀጥሎ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፋችሁ ከወንበር ተነሡ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ዴንማርክ ውስጥ በ2015 የወጣ ጥናት ላይ፣ ቅያሪ የሚገባቸው ሰዎች ግማሾቹ ተቀየረላቸው፣ ግማሾቹ በእንቅስቃሴና መሰል ሕክምና ብቻ ቆዩ። የተቀየረላቸው ይበልጥ ተሻላቸው፣ ይህን አልደብቅም። ግን ከቆዩት ውስጥ በዓመቱ ቢላዋ የፈለጉት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ክብደት የጨመራችሁ ደግሞ፣ 1 ኪሎ ስትቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበታችሁ ላይ 4 ኪሎ ያህል ይወርዳል። ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛችሁ እንደ ከረሜላ አትዋጡ፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። በየሦስት ወሩ ጉልበቱን የስቴሮይድ መርፌ የሚያስወጋም አለ፤ ለሁለት ዓመት እንዲህ የተወጉት ልም አጥንታቸው ይበልጥ ሳስቶ፣ ሕመማቸው ግን ጨው ውሃ ከተወጉት ሳይለይ ተገኝቷል። ስግደት የከበዳችሁም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ሙስሊም ጎረቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ፤ እኔ ግን ለመጠየቅ አፍሬ ሁለት የሕማማት ሳምንት ጉልበቴን አሳብጫለሁ።

አሁን 69 ዓመቴ ነው። ጭኔን አጠንክሬ ስምንት ዓመት አቆየሁት፤ ዘንድሮ ግን ሌሊት ሕመሙ ይቀሰቅሰኛል፣ ዳቦ ቤቱም ራቀኝ። ቅያሪው ከፋሲካ በኋላ ነው። ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቴ አንዱን ክፍላቸውን ለሁለት ወር ሊለቁልኝ ተስማምተዋል። ሽንት ቤታቸው መቀመጫ አለው፤ ባለፈው እሑድ ወርጄ ተቀምጬበት አየሁት።