ከቢቸና የሚነሣ የዶክትሬት ጥያቄ

ዌብ ሰርቪስ በኔትወርክ የተገናኙ ፕሮግራሞች ሰው በመካከል ሳይገባ እርስ በርስ የሚጠያየቁበት ስምምነት ነው። ድረ ገጽን የሚያነበው ሰው ስለሆነ ጉድለት ቢኖር በግምት ይሞላዋል። በዌብ ሰርቪስ ግን ጠያቂውም መላሹም ፕሮግራም ስለሆነ የቀኑ አጻጻፍ፣ የስሙ አከፋፈል፣ የስሕተቱ ምልክት ሳይቀር አስቀድሞ መወሰን አለበት። የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከቢቸና፣ ወይም ከዚያ አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ከምትገኘው ከሞጣ፣ የአንድ ወር የጤና ሪፖርት ተነሥቶ ጤና ሚኒስቴር የሚደርሰው በዚህ ዓይነት ስምምነት ነው። ሥርዓቱ ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል፤ የተሠራው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ኢትዮጵያ ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ትጠቀምበታለች።

ከዚህ የዶክትሬት ጥናት የሚሆን ጥያቄ ይወጣል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው፤ ተማሪው መጀመሪያ የሚያገኘው ንባብ የሚያሳየው ሌላ ዓለም ነውና። እ.ኤ.አ. በ2000 ሶፕ 1.1 የተባለው የመልእክት ደንብ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ዩዲዲአይ የተባለው የሰርቪሶች መዝገብ ይፋ ሆነ፤ በ2001 ሰርቪስ ራሱን የሚገልጽበት ደብሊውኤስዲኤል ተከተለ። የታሰበው ሺህ ሰርቪሶች በአንድ መዝገብ ተደርድረው ፕሮግራሞች እንደ ገበያተኛ ዞር ዞር እያሉ የሚሻላቸውን እንዲመርጡ ነበር። አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና ኤስኤፒ ያቆሙት የሕዝብ መዝገብ በ2006 መጀመሪያ ተዘጋ። ገበያው ቢበተንም ጥናቱ አልተበተነም፤ አንድ ዓይነት ሥራ ከሚሠሩ ሰርቪሶች ፈጣኑንና የማይቋረጠውን እንዴት መለየት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ጆርናሎችን ለዓመታት ሞልቷቸዋል። ብዙዎቹ ስልቶች የሚፈተኑት ደብሊውኤስ ድሪም በተባለው የመረጃ ስብስብ ነው፤ በውስጡ 339 ኮምፒውተሮች 5,825 ሰርቪሶችን ሲጠሩ የተመዘገበው የምላሽ ፍጥነት ይገኛል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ 339 ኮምፒውተሮች ፕላኔትላብ የተባለው መረብ አካል ሆነው በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት የተቀመጡ ነበሩ፤ መብራት በሚጠፋበትና በሞባይል ዳታ በሚሠራ ጽሕፈት ቤት ያለ ኮምፒውተር የሚያየውን አላዩም። ከዚያም በላይ ቢቸና ላይ ምርጫ የለም፤ ሪፖርት የሚቀበለው ሰርቪስ አንድ ነው። የሚመረጥ ነገር በሌለበት የምርጫ ስልት ማሻሻል ምን ይፈይዳል? ቀላሉ መንገድ ስብስቡን ወስዶ ከቀደመው ስልት ጥቂት የተሻለ ትንበያ አውጥቶ ማሳተም ነው። ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ሰው ተመርቆበታል። ነገር ግን ተማሪው ጥያቄውን ከአገሩ አመጣ ለማለት አይበቃም፤ የአገሩን ስም በመግቢያው ላይ ጠቅሶ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ የሚረሳ የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ሞልቷል።

ምርጫው ይቅርና ከዚያ ንባብ የሚወሰድ መለኪያ አይኖርም? ሊኖር ይችላል፤ ዋናው «ተገኝነት» የሚባለው ነው፤ ሰርቪሱ ከመቶ ስንት ጊዜ መልስ ይሰጣል ማለት ነው። 99 ከመቶ ጥሩ ቁጥር ይመስላል። ይህ አንድ በመቶ በየቀኑ ቢከፋፈል 14 ደቂቃ ያህል ነው፤ የመረጃ ሠራተኛው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ያልፋል። በዓመት አንድ ጊዜ ተጠራቅሞ ቢመጣ ግን ሦስት ቀን ተኩል ያህል ይሆናል፤ ያ ጊዜ ሪፖርት የሚዘጋበት ሳምንት ላይ ከወደቀ ወረዳው ሪፖርት እንዳላደረገ ይቆጠራል። መለኪያው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ አማካዩን ብቻ ሳይሆን መቋረጡ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚዘልቅና በየትኛው ቀን ላይ እንደሚውል መመዝገብ ያስፈልጋል።

በስሌቱ ውስጥ ያለው ሁለተኛ ግምት ከዚህ ይብሳል። እያንዳንዳቸው 90 ከመቶ የሚገኙ ሁለት ሰርቪሶች ቢኖሩና አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቢተካው በአንድነት 99 ከመቶ ይገኛሉ ይባላል። ስሌቱ የሚሠራው ውድቀታቸው የማይገናኝ ከሆነ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚጠሩት በአንድ የሞባይል ማማ በኩል ከሆነ ማማው ሲቆም ሁለቱም ይቆማሉ፤ ቁጥሩም እዚያው 90 ላይ ይቀራል። ይህ በመጽሐፍ ብቻ ያለ ጉዳይ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል፤ ቢቸና ያለችበት ምሥራቅ ጎጃምም ከዚያ ውጭ አልነበረም። እንዲህ ያለ መቋረጥ ከሩቅ የተሰበሰበ የመረጃ ስብስብ ውስጥ በአኃዝ አይታይም፤ ቢገባም «ያልተለካ» ተብሎ ባዶ ሳጥን ይሆናል።

ታዲያ ዌብ ሰርቪስ ለዚህ አካባቢ ጭራሽ አይሆንም ማለት ነው? ይህ ሌላ ጥርጣሬ ነው፤ ጠንካራም ነው። መዝገቡን በወረቀት ይዞ፣ ፋይሉን በፍላሽ አድርጎ በሞተር ሳይክል ወይም በሚኒባስ ወደ ዞኑ ከተማ ወደ ደብረ ማርቆስ ማድረስ ከማይመጣ ኔትወርክ ፊት ከመቀመጥ ይሻላል የሚል ሰው ያለ ምክንያት አይናገርም። መልሱ የሚገኘው ከዘርፉ መሠረታዊ ጽሑፎች ከአንዱ ነው። ሮይ ፊልዲንግ እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የድሩን አሠራር ሬስት በሚባል ስም ዘርዝሮ አስረድቷል። ከዘረዘራቸው ገደቦች አንዱ እያንዳንዱ ጥያቄ ለመስተናገድ የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ይዞ እንዲሄድ ያዝዛል፤ ሰርቨሩ ያለፈውን ንግግር እንዲያስታውስ አይጠበቅም። ሌላው የመጣ መልስ ለጊዜው እንዲቀመጥና እንደገና እንዲያገለግል ይፈቅዳል። ሁለቱን አጣምሮ ለሚያይ መስመሩ ሁልጊዜ ክፍት መሆን የለበትም፤ ራሱን የቻለ ጥያቄ ዛሬም ነገም ቢላክ ያው ነው። ዲኤችአይኤስ 2 ራሱ ያለ ኔትወርክ መረጃ አስገብቶ መስመር ሲመጣ መላክን ይፈቅዳል።

እዚህ ላይ ዝርዝሩ ይጣፍጣል። ሠራተኛው «ላክ» የሚለውን ተጫነ እንበል፤ መስመሩም ጥያቄው ሲሄድ ክፍት ነበረ፤ መልሱ ሲመለስ ግን ተቋረጠ። ሪፖርቱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? በሞባይል ባንኪንግ ብር ልኮ «ተቆረጠብኝ ወይስ አልተቆረጠም» ብሎ ስልኩን ያየ ሰው ሁሉ ጭንቀቱን ያውቀዋል። ደግሞ ቢልክ እጥፍ እንዳይሆን ይፈራል፤ ባይልክ እንዳይቀር። በኤችቲቲፒ ደንብ ፑት የተባለው ትእዛዝ አሥር ጊዜ ቢደገም ውጤቱ አንድ ጊዜ እንደ ተላከ ነው፤ ፖስት ለተባለው ግን ይህ ዋስትና የለም። በዲኤችአይኤስ 2 የተጠቃለለ ቁጥር የሚቀመጠው በመረጃው ዓይነት፣ በወሩና በተቋሙ ተለይቶ ስለሆነ ደግሞ ቢላክ በፊተኛው ላይ ይጻፋል እንጂ አይደመርም። የአንድ ታካሚ አዲስ ምዝገባ ግን ጥንቃቄ ካልተደረገበት ሁለት ሰው ሆኖ ሊገባ ይችላል። መስመር በማይቋረጥበት አገር ይህ የግርጌ ማስታወሻ ነው፤ ቢቸና ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

የስሕተት ምልክቱም እንዲሁ። በባንክም በወረዳም «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ መብራት መጥፋቱን፣ መስመር መቋረጡን፣ ሰርቨሩ መጨናነቁን፣ የይለፍ ቃል አለመሥራቱን ሁሉ ይሸፍናል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ናቸው፤ ሰርቨሩ አገልግሎት መስጠት ሲያቅተው 503፣ ማንነት ሳይረጋገጥ ሲቀር 401 ይመጣል፤ መስመሩ ከተቆረጠ ደግሞ ቁጥርም አይመጣም። በቃለ መጠይቅ ብቻ የተሠራ ጥናት ሁሉንም በአንድ ቅርጫት ያስቀምጣቸዋል።

ቀኑ የራሱ ጣጣ አለው። ዓለም አቀፉ ደንብ ቀንን በዓመት፣ በወርና በቀን ተራ ያስጽፋል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 በዚህ ተራ 13ኛ ወር ሆኖ ሲጻፍ ሰርቪሱ አይቀበለውም፤ ጥቅምት 30ም ፌብሯሪ 30 ተብሎ ስለሚነበብ ይመለሳል። የሚመለሰው ስሕተት ደግ ነው፤ ሰው ያየዋል። ክፉው መስከረም 15 ቀን 2016 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 26 ሴፕቴምበር 2023 የነበረው ይህ ቀን ያለ ቅያሬ ከተላከ 15 ጃንዋሪ 2016 ተብሎ ያለ ምንም ተቃውሞ ይገባል፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ግድም ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 የሚቆጠር በመሆኑም ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ወር ጳጉሜን ጨምሮ 35 ቀን ይሆናል። ይህን የማያውቅ የትንተና ፕሮግራም በየዓመቱ መስከረም ላይ ወረርሽኝ ሊያይ ይችላል። ቀን የሚቀይር መሣሪያ አልጠፋም፤ አይሲዩ የተባለው የታወቀ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ይዟል። የጎደለው ሁለቱ ወገኖች የትኛውን አቆጣጠር እየተለዋወጡ እንደሆነ በስምምነቱ ውስጥ መጻፉ ነው።

«ይህ ሁሉ የኢንጂነር ሥራ እንጂ ምርምር አይደለም» የሚል ተቃውሞ በዲፌንስ ቀን እንደሚነሣ መጠበቅ አለበት። ለዚህ ጸሐፊ ከጥርጣሬዎቹ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አዲስነት ምንድን ነው? ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ እንደ ሌሎቹ የጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል፤ የሌላውን የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ነውር ነው። መልኩ ግን የተወረሰ ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ማንም አይለውጠውም። አዲስ የሚሆነው በተወረሰው ልክ ውስጥ የሚገባው ምሥጢር ነው። ፊልዲንግም ድሩን ከባዶ አልፈጠረም፤ ከኤችቲቲፒ 1.1 ደንብ ዋና ጸሐፊዎች አንዱ ሆኖ ሲሠራበት የቆየውን ነገር ለምን እንደሚሠራ ገልጦ፣ የትኛው ገደብ የትኛውን ጠባይ እንደሚያመጣ አስረዳ። በዚህ መመዘኛ ለቢቸና ሶፍትዌር መሥራት ብቻውን ዶክትሬት አይሆንም። «መቋረጥ ረጅምና የጋራ በሚሆንበት ቦታ እነዚህ ገደቦች ሲታከሉ ይህ ጠባይ ይገኛል» ብሎ ማሳየት፣ ሌላው ሰው በሌላ ቦታ ሊፈትነው በሚችል መልክ ማስቀመጥ ግን ይሆናል።

የምርምር አጻጻፍ ከዚህ ተለይቶ የሚመጣ የቋንቋ ማሳመሪያ አይደለም፤ አጻጻፍና ዌብ ሰርቪስ ሳይታሰብ በማጣቀሻ ዝርዝር ላይ ይገናኛሉ። ዞቴሮ ወይም ሜንዴሌይ የተባለውን የማጣቀሻ ፕሮግራም የሚጠቀም ተማሪ የአንድን ጽሑፍ ዝርዝር በመለያ ቁጥሩ ሲያስመጣ መረጃው የሚመጣው ክሮስሬፍን ከመሰሉ መዝገቦች በዌብ ሰርቪስ ነው። በዚያ ስምምነት ውስጥ የሰው ስም «የተሰጠ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ኢትዮጵያዊ የአባቱን ስም ያስከትላል እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። ስለዚህ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ «ዓለማየሁ፣ ሐ.» ተብለው በአባታቸው ስም ይገባሉ። ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ይደረድራል፤ ዞቴሮም ስምን ሳይከፍሉ በአንድ ሳጥን ማስገባት ይፈቅዳል። አንዱ ጆርናል ሲገለብጥ ሌላው ሳይገለብጥ ሲቀር አንድ ተመራማሪ ሁለት ሰው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ የተባለው 16 አኃዝ ያለው መለያ ለእንዲህ ዓይነቱ መደናገር መፍትሔ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ቢኖርም «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ»፣ «ቢቸና» እና «ብቸና» ለማሽኑ አሁንም ሌላ ሌላ ናቸው። በወረዳው የታካሚን ስም ከመዝገብ ጋር ማዛመድና በማጣቀሻ ውስጥ ደራሲን ማዛመድ አንድ ችግር መሆኑ የሚታየው እዚህ ነው፤ ለጥናቱም ከጤና መረጃ ውጭ ሁለተኛ መፈተኛ ይሰጠዋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የአባባሉን መጠን መወሰን ነው። «ዌብ ሰርቪስ በኢትዮጵያ አይሠራም» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሁለት ከተማ ልኬት አይወጣም። ቢቸናና ሞጣ የአስፋልት መንገድና የሞባይል ማማ ያላቸው ከተሞች ናቸው፤ ማማ ስለሌለው ቀበሌ ጤና ኬላ ሊመሰክሩ አይችሉም። ልኬቱ የሚወሰድበት ወገንም ውጤቱን ይለውጣል። ከአዲስ አበባው ሰርቨር መዝገብ የሚነሣ ጥናት የሚያየው የደረሱትን ጥሪዎች ብቻ ነው፤ ሳይነሡ የቀሩት እዚያ አይመዘገቡም፤ ስለዚህ መስመሩ በከፋ ቁጥር ሰርቨሩ ጤነኛ ይመስላል። መዝገቡ በወረዳው ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አለበት። ያኔ ግን የሠራተኛው መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ መዘግየቱም ሁሉ አብሮ ስለሚጻፍ የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የግለሰቡ መለያም ከመነሻው መውጣት ይኖርበታል። የልኬቱ ዘመን ደግሞ ክረምትንም በጋንም፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያለውን አንድ ሙሉ የበጀት ዓመትም መሸፈን አለበት፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ የ35 ቀኑ ወር ላይገባበት ይችላል።