በሙታን ላይ ስለሚነገር ሐሰት

የሞተ ሰው ስለ ራሱ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ሕያው ቢታማ ተነሥቶ ይሟገታል፤ ሙት ግን ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትቶ ዝም ብሏል። ስለዚህ በሙት ላይ የሚነገር ሐሰት እጅግ የከበደ ነው። ይህን ነገር ወደ ጢያ በሄድን ጊዜ በራሳችን ተረዳነው።

ጢያ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፥ በሶዶ አገር ይገኛል። በሜዳው ላይ የቀድሞ ሰዎች ያቆሟቸው 36 ድንጋዮች አሉ፤ ከእነዚህም 32ቱ ቅርጽ አለባቸው። በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ ትርጓሜው ያልታወቀ ሌላም ምልክት አለ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። እኛም በወጣትነታችን ይህንኑ ሰምተን፥ ሳንመረምር ተቀብለን፥ ሰይፎቹ የግራኝ አሕመድ የትምክሕት ምልክት ናቸው ብለን በዐውደ ምሕረት አስተምረናል። ሕዝቡም ካህን ነግሮታልና አመነን።

በስፍራው ቆመን የመርማሪዎቹን ቃል በሰማን ጊዜ ግን አፈርን። የግራኝ ጦርነት በ16ኛው መቶ ዓመት የተደረገ ነው፤ ድንጋዮቹ ግን በ12ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት መካከል እንደ ቆሙ ይነገራል። በቁፋሮም ከሥራቸው መቃብር ተገኝቷል፤ ከተቀበሩትም ብዙዎቹ በወጣትነት የሞቱ ናቸው። እኛ የወራሪ ትምክሕት ያልነው የሐዘንተኞች መታሰቢያ ነበረ።

«ሳያውቁ የተናገሩት ምን በደል አለበት?» የሚል ይኖር ይሆናል። ባለማወቃችን አይፈረድብንም፤ ሳንጠይቅ በማስተማራችን ግን እንጠየቃለን። ደግሞም «ግራኝ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥሏል፤ ይህ ቢጨመርበት ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ጠላትም ቢሆን በሠራው እንጂ ባልሠራው ሊከሰስ አይገባም። በእውነተኛው በደል ላይ ሐሰት የሚጨምር ሰው እውነተኛውን ያስጠረጥራል፤ የተቃጠሉትንም አብያተ ክርስቲያናት ምስክር ያሳጣቸዋል።

የእነዚያ ሰዎች ሃይማኖት ምን እንደ ነበረ ድንጋዩ አይናገርም። ለድንጋይ መስገድን ኦሪት ከልክላለች፤ ነገር ግን ያዕቆብ በራሔል መቃብር ላይ ሐውልት አቁሟል። ስለዚህ አልሰገድንም፤ አልረገምንምም፤ በመቃብር ፊት እንደሚገባ ራሳችንን ዝቅ አድርገን ቆምን።

ከተመለስን በኋላ በመጀመሪያው ሰንበት፥ በዚያው ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመን፥ ቀድሞ ያስተማርነው ስሕተት እንደ ነበረ ተናገርን። አንድ ሽማግሌም «ታዲያ የማን ነው፥ የኔታ?» ብለው ጠየቁን።

«ስማቸውን አናውቅም፤ የፈጠራቸው ያውቃቸዋል» አልናቸው።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ «አናውቅም» ማለት መምህርን አያዋርደውም። የሚያዋርደው የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ መናገሩ ነው። በመጨረሻው ቀን ሙታን ሁሉ ሲነሡ የጢያ ሙታንም ይነሣሉና፥ ያን ጊዜ ፊታቸውን ሳናፍር እንድናይ ዛሬ አንደበታችንን እንጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።