የእናትየዋ ጠበቃ ማን ነበር?

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። ቤቷ ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብሎ፣ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ባሏ ሞቷል፤ ከጓሮ እንሰቷ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር የላትም። ልጅሽን ወስዶ የሚያሳድግ የውጭ ሀገር ቤተሰብ ተገኝቷል ይሏታል። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ፣ ዳኛ ፊት ትቆማለች። «ተስማምተሻል?» ትባላለች። «አዎ» ትላለች።

ሴትዮዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። መንገዱን ግን አልፈጠርኩትም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ አሜሪካ ገብተዋል። ወላይታም ብዙ ልጆች ከሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው፦ «አዎ» ያለችው ለምኑ ነው?

ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል ያገኘነው ከኦሮሞ ባህል ነው። ልጅ አክስቱ ወይም አያቱ ጋ ሄዶ ማደጉም ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሌላ ቤት ቢያድግም እናቱ እናቱ ናት። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይናገራል። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ይቀድማል።

ባሕር ማዶ ሲሻገር ነገሩ ይቀየራል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ይህን ልጅ የሚያስገባው «ወላጅ አልባ» ብሎ ነው። እናቱ በሕይወት እያለች! ብቻውን የቀረ ወላጅ ማሳደግ ካቃተውና ልጁን ላይመልሰው በጽሑፍ ከለቀቀ፣ ልጁ በዚያ ሕግ ወላጅ አልባ ይባላል። ከዚያ ወዲያ እናቱ «ልጄ እዚያ ነው» ብላ በእሱ በኩል ቪዛ መጠየቅ አትችልም። ለኢሚግሬሽን ሕጉ እናቱ አይደለችም።

አንድ ፊርማ፣ ሁለት ትርጉም። እሷ የምታስበው በወላይትኛ፣ ዳኛው የሚጠይቃት በአማርኛ፣ ቪዛው የሚሠራው በእንግሊዝኛ። አሳዳጊዎቹ የኢሚግሬሽን ጠበቃ መቅጠር ይችላሉ። ኤጀንሲው ጉዳይ አስፈጻሚ አለው። የእሷስ?

«ልጁ ተምሯል፣ ጥሩ ኑሮ ይኖራል፤ ምን ይጎድላል?» የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ግን የልጁ ደህና መሆንና ለእናቱ እውነቱን መንገር ሁለት የተለያዩ ዕዳዎች ናቸው፤ አንዱ ተከፈለ ተብሎ ሌላው አይሰረዝም። «ድሃ ስለሆነች መወሰን አትችልም» የሚለውም ንቀት ነው። ሁሉን አውቃ «ይሂድልኝ» ልትል ትችል ነበር፤ ለልጇ ስትል የማታደርገው ምን አለ? ያኔ ውሳኔው የራሷ ይሆናል። ሳይነገራት ከሆነ ግን የወሰኑት ሌሎች ናቸው፤ ከእሷ የተፈለገው ጣቷ ብቻ ነው።

በጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ። ክልከላው ግን የሚመለከተው ገና ያልሄዱትን ነው። የሄዱት አድገዋል። አንዳንዶቹ ተመልሰው እናታቸውን እየፈለጉ ነው። አንቀጽ 183 ደግሞ ዛሬም አለ፤ በእኛ ሕግ ዝምድናው አልተቆረጠም።

ስለዚህ «ጠበቃዋ ማን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ «አሁንስ ማን ይሁን?» ብለን ልንቀይረው እንችላለን። ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ዩኒቨርሲቲው ሕግ ያስተምራል። ሕግ የተማረ አንድ የሰፈር ልጅ ፋይሉን ከፍርድ ቤት አስወጥቶ፣ እቤቷ ሄዶ፣ በቋንቋዋ ቁጭ ብሎ ቢያነብላት ልጇን አይመልስላትም። ግን ያን ቀን «አዎ» ያለችው ለምን እንደነበር ታውቃለች። ልጁም አንድ ቀን መጥቶ «ለምን ሰጠሽኝ?» ቢላት፣ የምትመልሰው አታጣም።