በጾመ ነቢያት የጎደለውን እንቁጠር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ በየሰንበት ትምህርት ቤታችን የታወቀው ሽር ጉድ ይጀመራል። መዝሙር ይጠናል፤ ጭውውት ይዘጋጃል፤ ነጭ ልብስ ይታጠባል፤ መዋጮ ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን ይህ 44 ቀን (ልደት በታኅሣሥ 28 በሚውልበት በዘመነ ዮሐንስ 43 ቀን) በአደራ የተሰጠችንን ትንሽ ምድብ እንዴት እንደምንይዝ የምንፈተንበት ወቅት ጭምር ነው። የአንድ ምድብ ተጠሪዎች የሆንን እኛ ሦስት ተማሪዎች ይህን ለመጻፍ የተነሣነው ጥሩ ስለ ሠራን አይደለም፤ ስለ ተሳሳትን ነው።

ምድባችን 12 አባላት አሉት። ግማሾቻችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስንሆን የቀሩት ሠርተው የሚያድሩ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ጾሙ የገባው እሑድ ስለ ነበር እስከ በዓሉ 7 እሑዶች ነበሩን። በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ዕቅድ አወጣን። በዋዜማው የሚቀርብ የእረኞች ጭውውት፣ 4 መዝሙሮች፣ ከቅዳሴም በኋላ በአንድነት የምንፈስክበት ማዕድ በዕቅዱ ውስጥ ገቡ። ለዚህም እያንዳንዱ አባል 300 ብር እንዲያዋጣ ሐሳብ አቀረብን። የተቃወመ አልነበረም። እኛም ዝምታውን ሁሉ ስምምነት ነው ብለን አጸደቅነው።

ከእረኞቹ የአንዱ ድርሻ የተሰጠው ከገጠር መጥቶ በግንባታ ሥራ ለሚተዳደር ወንድማችን ነበር። ከመካከላችን በልጅነቱ በእውነት በግ የጠበቀ እርሱ ብቻ ነው፤ የበትር አያያዙንም ያሳየን እርሱ ነው። በአራተኛው እሑድ ቀረ። በአምስተኛውም ቀረ። አንዳችን ስልክ ደወለለት፤ ጥሪውም አልሠራም። ልምምዱ እንዳይስተጓጎል ብለን ድርሻውን ለሌላ ሰጠንና በመዝገባችን ላይ ከስሙ ትይዩ «ቀሪ» ብለን ጻፍን። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ አልተነጋገርንም።

እንደምታውቁት ቤተ ክርስቲያናችን ከልደት በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ትጠራቸዋለች። በስብከት ነቢያት የጌታን መምጣት አስቀድመው መናገራቸው ይታሰባል፤ በብርሃን በጨለማ ለነበረው ዓለም እውነተኛው ብርሃን መገለጡ፤ በኖላዊ ደግሞ እንደ ባዘኑ በጎች ለነበርን ለእኛ ቸር ጠባቂ መምጣቱ ይታሰባል። በዚያ ዓመት የኖላዊ ሰንበት የዋለው ታኅሣሥ 27 ቀን፣ ከበዓሉ ሁለት ቀን አስቀድሞ ነበር። የመጨረሻውን ልምምድ ስናደርግ ከደብሩ ካህናት አንድ አረጋዊ አባት ገብተው ተቀመጡ። ጨርሰን ምርቃት ስንጠብቅ፦

«ልጆቼ፣ ስንት ናችሁ?» አሉን።

«12 ነን፣ አባታችን» አልን።

በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩንና «እኔ የቆጠርሁት 11 ነው» አሉ። የቀረ ወንድም እንዳለ ነገርናቸው። የት እንዳለና ምን እንዳገኘው ሲጠይቁን ግን መልስ አጣን። ቤቱን የምታውቅ አንዲት እኅት ብቻ ነበረች። አባታችን አልተቆጡንም። «የእረኛውን ልብስስ አሳምራችሁ ለብሳችኋል» ብለው ተነሥተው ወጡ።

በዚያው ምሽት ሦስታችን ከእኅታችን ጋር ሄድን። ወንድማችን ከቤቱ ነበር። ይሠራበት የነበረው ሕንፃ ሥራው ስለ ቆመ ከአንድ ወር በላይ ያለ ሥራ ተቀምጧል። ስልኩንም ለቤት ኪራይ ሸጦታል። ለምን እንደ ቀረ ስንጠይቀው ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ያላዋጣሁበት ማዕድ ላይ መቀመጥ አሳፈረኝ» አለን። ድርሻው ለሌላ መሰጠቱንም ሰምቶ ነበር። ከዚያ ሻይ አፍልቶ በቤቱ የነበረውን አንድ ዳቦ ለአምስት ቆረሰው። እንቢ እንዳንል እርሱን ማሳፈር ይሆንብናል፤ እንዳንበላም እንዳንተወውም ሆነን በላን።

ወጣቶች ሆይ፤ ከዚያ ቤት ስንወጣ ያሰብነው በሉቃስ ወንጌል 2፥7 የተጻፈውን ነው። ለእመቤታችንና ለዮሴፍ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አልተገኘላቸውም። ወንጌሉ ያን ማረፊያ ክፉዎች የሞሉበት ነበር አይለንም፤ ስፍራ እንዳልነበረ ብቻ ይነግረናል። የእኛም በደል እንደዚሁ ነው። ማንንም አላባረርንም፤ ማንንም አልሰደብንም። በመርሐ ግብር ሞልተን ነበር። የጌታን ልደት ልናከብር ስንሰናዳ ጌታ የተወለደለትን ወንድም በር ላይ አስቀረነው፤ የበሩም መዝጊያ 300 ብር ነበር።

ስለ እነዚያ የቤተልሔም እረኞች ደግሞ እናስተውል። መልአኩ ሲመጣላቸው ለበዓል እየተሰናዱ አልነበሩም። ሌሊቱን ተራ ገብተው መንጋቸውን ይጠብቁ ነበር (ሉቃ. 2፥8)። የምሥራቹን የሰሙት በጥበቃቸው ላይ እንዳሉ ነው። እኛ አነጋገራቸውን አጠናን፤ ልብሳቸውንም ለበስን፤ ሥራቸውን ግን ተውነው። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወድደው ጾም የትኛው እንደሆነ ሲያስረዳ ያለንን ከተራበው ጋር እንድንካፈል፣ ማደሪያ ያጣውን እንድናስጠልል፣ ከሥጋ ዘመዳችንም እንዳንሸሸግ ያስተምራል። በነቢያት ስም የተጠራውን ጾም እየጾምን ነቢዩን ሳንሰማው ቀረን።

በአገራችን ይህን በሥራ የሚያሳዩ አሉ። ልደትን ለማክበር ወደ ላሊበላ ከሚሄዱት ምእመናን መካከል ብዙ ቀን በእግራቸው የተጓዙ ይገኛሉ። የአገሩ ሰዎችም እንግዳውን ተቀብለው አቧራ የለበሰ እግሩን ያጥባሉ። ምን ይዘህ መጣህ ተብሎ አይጠየቅም። የልደት ዝግጅት እንዲህ ያለ ነው።

እንግዲህ ጾሙ ሲመጣ ምድብ የምትመሩ ሁሉ ከእኛ ስሕተት እንድትማሩ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ከሁሉ አስቀድማችሁ ሰው ቁጠሩ። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል 10፥3 እንዳስተማረው እረኛ በጎቹን በየስማቸው ይጠራቸዋል። የመዝገብ ምልክት ግን ስም ማወቅ አይደለም። ሁለት እሑድ የቀረ አባል ካለ በሦስተኛው ሳይደርስ ሁለት ሰዎች ቤቱ ይሂዱ። ስልክ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስልኩን የሸጠ ሰው አለ። የሁሉንም ቤት ከአሁኑ እወቁ።

ሁለተኛ፤ በማዕድ ላይ ዋጋ አትጻፉ። አንድ የተዘጋ ሣጥን ይቀመጥ፤ ያለው እንደ አቅሙ ይጨምር፤ የሌለውም ሳያፍር ይለፍ። በጾሙ ከምሳችን የምናተርፈው ገንዘብ ለድኻ እንዲደርስ አባቶቻችን ያስተማሩን ትምህርት ለዚህ ይረዳናል። ለማን ምን እንደ ተሰጠ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ እነርሱም አይናገሩ።

ሦስተኛ፤ ትምህርቱ አጭርና ሥርዓት ያለው ይሁን። በጾሙ ውስጥ እንደ ዓመቱ 6 ወይም 7 እሑዶች ይገኛሉ። በመጀመሪያዎቹ ኢሳይያስ 7፥14ን፣ ሚክያስ 5፥2ን፣ ኢሳይያስ 58ን አንብቡ። በስብከት ዕብራውያን ምዕራፍ 1ን፣ በብርሃን ዮሐንስ ምዕራፍ 1ን፣ በኖላዊ ዮሐንስ ምዕራፍ 10ን አጥኑ። ሁሉም ተራ በተራ ይናገር፤ መሪው መጨረሻ ላይ ይናገር። እኛ መጀመሪያ ስለምንናገር ዝምተኛው ወንድማችን አንድ ጊዜ እንኳ አልተናገረም ነበር።

አራተኛ፤ በልደት ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ አባል አይኑራችሁ። ቤተሰቡ ሩቅ የሆነ ተማሪ፣ የቀን ሠራተኛ፣ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት በዚያ ማለዳ ብቻቸውን ናቸው። ቤተሰብ ያለን ሁሉ አንድ አንድ ሰው ይዘን እንግባ። እናቶቻችን ለአንድ ተጨማሪ ሰው እንጀራ አያንሳቸውም።

አምስተኛ፤ በዓሉ ሲያልፍ አትበተኑ። ከልደት እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ በእነዚያ ቀናት የሚጠፉ ግን ብዙዎች ናቸው።

ታዲያ ጭውውትና መዝሙር ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። የጎደለ ሰው ፈልገን ካመጣን በኋላ ይቀጥል፤ ያን ጊዜ ለዝማሬያችን እውነት ይኖረዋል።

መዋጮውን በማግሥቱ ሰረዝነው። ጭውውቱ በዋዜማው ቀረበ፤ ምእመናኑም ወደዱት። ወንድማችን ድርሻውን እንዲቀበል ለምነነው ነበር፤ እርሱ ግን «ያጠናው ይሥራው» ብሎ እንቢ አለ። በሌሊቱ ቅዳሴ ከኋላ በኩል ጧፍ ይዞ ቆሞ አየነው። ከእኛ ጋር ለማዕድ አልተቀመጠም። ወደ ምድባችን የተመለሰው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ይህንም ጽሑፍ እንድናወጣ የፈቀደልን እርሱ ነው። ያዘገየነውን ጊዜ ልንመልስለት አንችልም። በመዝገባችን ላይ «ቀሪ» የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ወዲህ አንጽፍም፤ በስፍራው «ማን ይሂድ?» ብለን የሁለት ሰዎች ስም እንጽፋለን።

የጠፋውን ሊፈልግ የመጣ ቸር ጠባቂ አምላካችን ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ማንም ሳይጎድልብን ለበዓለ ልደቱ ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።