የእንቁጣጣሽ ስዕል ስጦታ ነው ወይስ ሽያጭ?

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ እሸጣለሁ። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ከደብተሩ እኩል የሚፈለገው ነጭ ወረቀት፣ ከለርና ካርቦን ነው፤ ልጆች የእንቁጣጣሽ ስዕል ሊሠሩ ነዋ። ለ2018 ዘመን መለወጫ ሰሞን አንድ የማከብራቸው መምህር ሱቄ ጎራ ብለው፣ «ይህን ልማድ ባታበረታቺው ጥሩ ነበር» አሉኝ። ልጁ ስዕሉን ይዞ የሚዞረው ብር ፍለጋ ነው፤ መልስ እየተጠበቀ የሚሰጥ ነገር ደግሞ ወይ ንግድ ነው ወይ ልመና፤ ስጦታ ሊባል አይችልም አሉ። በሉቃስ ወንጌል ጌታችን፣ ግብዣ የሚያደርግ ሰው መልሰው ሊጋብዙት የማይችሉትን ድሆች እንዲጠራ ማዘዙንም አስታወሱኝ። ቃሉ ከበደኝ። ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ ስዕሉ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። የመጨረሻው ልጄ ጠንከር ያለ ነጭ ወረቀት ለሁለት ያጥፋል። ከሱቁ የተረፈውን አበባማ የስጦታ መጠቅለያ በጣት ስፋት ይቆርጥና ዳር ዳሩን በኮላ ይለጥፈዋል፤ በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሳለውን ሐረግ ይመስላል። መሐሉ ላይ ወይ አደይ አበባ ወይ መልአክ ይስላል። መልአኩ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉት፣ ፊት ለፊት ያያል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን ይስሉ እንደነበር ማንም አልነገረውም፤ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይቶ ነው። ከሥሩ ለ2018 «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። ከዚያ ይለያል፦ መልአኩ ለኦርቶዶክስ ጎረቤቶች፣ አበባው ለጴንጤዎቹና ለሙስሊሞቹ። ይህን እኔ አላስተማርኩትም። የማን ቤት ምን እንደሚወደድ ራሱ ያውቃል።

የእኛ አገር መስከረም እንደ ደጋው አይደለም። ዝናቡ ገና አላበቃም፤ ሜዳውም እንደ ሸዋና እንደ ጎጃም ቢጫ አይለብስም። የውሃ ቀለም ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ስለዚህ ልጆቹ ስዕሉን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታል ያጣው የጎደሬ ቅጠል ደርቦ፣ ከቤት ቤት ይሮጣሉ። የጎደሬ ቅጠል ውሃ አያስገባም፤ ጠብታው ላዩ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል።

አሁን ወደ መምህሩ ጥያቄ ልመለስ። ንግድ ምን እንደሆነ በቡና አገር የሚኖር ሰው አይጠፋውም። ቡና በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ሲያገኝ ነጭ ሆኖ ያብባል፤ አበባው በጥቂት ቀን ይረግፋል፤ ፍሬው ቀልቶ እስኪለቀም ስምንት ወር ገደማ ይፈጃል። ቆላ በሆኑት በቴፒና በበበቃ በኩል ለቀማው ቀደም ይላል፤ ከፍ ባለው ቦታ ይዘገያል። ክረምቱን መዝለቅ ያቃተው ገበሬ ቡናውን ከነዛፉ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ይሸጣል። ገዢው ዛፉን አይቶ፣ ገምቶ፣ ዋጋ ቆርጦ፣ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል። ዋጋው ከፍሬው ይቀድማል፤ ከዚያ ወዲያ ቡናው ቢበዛም ቢያንስም የቆረጡት ተቆርጧል።

ስዕሉ የሚሄደው በዚህ መንገድ አይደለም። ልጁ አስቀድሞ ይሰጣል፣ ስንት ነው ብሎ አይደራደርም። የተቀበለው ሰው አምስት ብር ቢሰጠው፣ ሃምሳ ብር ቢሰጠው፣ ድፎ ዳቦ ቆርሶ ቢሰጠው፣ ወይም «እደግ፣ ተመንደግ» ብሎ መርቆ ቢሸኘው ስዕሉን መልሶ አይወስድም። ፊቱ ላይ ልዩነቱ ሊታይ ይችላል፤ ልጅ ነው። ስዕሉ ግን እዚያው ቤት ግድግዳው ላይ ይቀራል።

ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ስለ ስጦታ ባሳተመው ጥናት፣ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ መስጠት ብቻ ሳይሆን መቀበልና መመለስም ግዴታ እንደሆኑ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፈላስፋ ዣክ ደሪዳ ነገሩን አጠበቀው፤ መልስ ያስከተለ ስጦታ ዕዳ ሆኗል፣ ንጹሕ ስጦታ ሊገኝ አይችልም ወደሚለው ሄደ። መምህሩና ደሪዳ ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል። እኔ ግን አልስማማም። አዲሱን ዓመት ማናችንም ሠርተን አላገኘነውም። ለሰጠን አምላክ መስከረም 1 ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆመን ምስጋና እንመልሳለን። ምስጋናችን ዓመቱን ሽያጭ ካላደረገው፣ የጎረቤት ብርም ስዕሉን ሽያጭ አያደርገውም።

ከእጅ ሥራነቱ ሲወጣ ግን ያሳስበኛል። አንዳንድ ልጆች አንድ ስዕል ይዘው ይመጡና በከለር ኮፒ አባዢልን ይሉኛል። ገቢው ለእኔ ነበር፤ እምቢ እላለሁ። ካርቦኑን አልከለክልም። ካርቦን መስመሩን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቀለሙን ለመቀባት ልጁ ለእያንዳንዱ ቤት ቁጭ ማለት አለበት፣ ሲቀባም የሚሄድበትን ቤት ያስባል። አንድን ስዕል መላልሶ መሥራት ነውር ቢሆን ኖሮ ቅዱሳት ሥዕላትን ከቀደሙት እያዩ ሲስሉ የኖሩት ሠዓሊዎች ሁሉ ጥፋተኞች በሆኑ ነበር።

የሉቃስን ቃል ግን አልሸሸውም፤ መምህሩ ባላሰቡት በኩል ያገኘኛል። የጌታ ተግሣጽ ሰው የሚጠራውን እየመረጠ ስለሚጠራ ሰው ነው። የእኛም ልጆች ይመርጣሉ። ብር ወደሚገኝበት ግቢ ይጎርፋሉ፤ ቡናው ያልደረሰለት፣ ወይም ቢደርስም አስቀድሞ የሸጠው ሰው በር ይታለፋል። በዓሉ የሚውለው ደግሞ ኪስ በሚሳሳበት ሰሞን ነው። ለልጅ የሚሰጠው ሳንቲም በማጣቱ አፍሮ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚቀመጥ አባወራ አውቃለሁ። መምህሩ ነቀፋቸውን እዚህ ላይ ቢያውሉት ከጎናቸው እቆማለሁ።

ስለዚህ በዚያው በዓል ልጄ ዙሩን ከእነዚያ ቤቶች እንዲጀምር አደረግኩ፤ ያማረውንም ስዕል ለእነርሱ እንዲያስቀድም ነገርኩት። «ብር ቢሰጡኝስ? እምቢ ልበላቸው?» አለኝ። ሰው ሲሰጥህ እምቢ ካልክ መስጠት አትችልም ማለትህ ነው፣ ተቀበል አልኩት፤ የሚመርቁህንም ቆመህ እስኪጨርሱ አድምጥ፣ አሜን ሳትል ወደሚቀጥለው ቤት እንዳትሮጥ።